የቅዳሜው አምባዛ

አሳ አጥማጆች በማይረባውም በሚረባውም ይጨቃጨቃሉ፤ በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ። ከሐይቁ ፍጥረት ሁሉ የሚወደደው ቆሮሶ ነው፤ የሚጠላው ደግሞ አምባዛ። ቆሮሶ ቅርፊቱ የሚያብለጨልጭ፣ ሥጋው ነጭ፣ መንጠቆ ላይ ሲመጣ የአጥማጁን ልብ የሚያዘልል ጨዋ አሳ ነው። አምባዛ ቅርፊት የለው፣ መልክ የለው፤ ጢሙን አንጠልጥሎ ጭቃ ውስጥ ተጋድሞ ይውልና ያገኘውን ይሰለቅጣል። ልጋጉ ከእጅ፣ ሽታው ከቤት ቶሎ አይለቅም።

መጋረጃ ሰፊዋ ይህን የሚነግራት ሰው አያስፈልጋትም፤ ያደገችው በአምባዛ ነዋ። አባቷ ሊፍት ጠጋኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በየፎቁ ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ከገመድና ከግሪስ ጋር ሲታገል ከርሞ ቅዳሜ ሲሆን ዘንጉን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ማታ ጆንያውን የወጥ ቤቱ ገንዳ ውስጥ ይዘረግፍና፣ «ያው ነው፤ የኔ ዕድል አምባዛ ነው» ብሎ በረጅሙ ይተነፍሳል። አንድም ቀን ቆሮሶ ይዞ ገብቶ አያውቅም።

እናቷ ታዲያ ፊቷን አታጠቁርም። «የእግዜር ስጦታ አይናቅም» ትልና እጅጌዋን ትሰበስባለች። በጨው ታሸዋለች፣ በሎሚ ታጥበዋለች፣ እንደገና በጨው ታሸዋለች። ብርድም ቢሆን መስኮቱ ወለል ብሎ ይከፈታል። የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ወለሏን በመጥረጊያ እንጨት ትደበድባለች፤ ሽታው ደርሷት ነው። እናት ወደ ጣሪያው ቀና ብላ፣ «ነይ ውረጂና ብዪ!» ትላለች እየሳቀች።

አባትየው ራሱ ግን አይቀምሰውም። «ቀኑን ሙሉ ሳሸተው ውዬ ጠግቤዋለሁ፤ እናንተ ብሉ» ይልና ዳቦውን በሻይ ያወራርዳል። ልጅቱ ያኔ ሆዷ ይባባ ነበር። ምስኪን አባቴ፣ ለኛ ብሎ ነው ትላለች። ዘመድ አዝማዱ «አባ አምባዛ» የሚል ስም አውጥቶለት ሲሳሳቅ እሷ አፏን ሞልታ ትመልሳለች። አንዴ አክስቷን፣ «ያንቺ ባልማ እንኳን አሳ ጉንፋንም አይዝ!» ብላ ሰውን በሳቅ ገድላ በጥፊ ተመታለች። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ፤ እሷም ለበላችው አምባዛ ስትጮኽ ነው ያደገችው።

ሐይቁን ግን አይታው አታውቅም። ልጅ ሳለች «ውሰደኝ» ብላ ስታለቅስ፣ «የውሃው ቅዝቃዜ ለደረትሽ አይሆንም፤ ደግሞም አጥማጅ አፉ አይታረምም» ይላታል። ስታድግ መለመኑን ተወችው።

አሁን ሊፍት ጠጋኙ ጡረታ ወጥቷል። ባለፈው ወር መታጠቢያ ቤት አንሸራተተውና ዳሌው ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ አልጋው መስኮቱ ሥር ተዘርግቶለት ግድግዳ ሲያይ ይውላል። ቅዳሜ ሲመጣ ይብስበታል፤ ይነጫነጫል፣ ሰዓት ይጠይቃል፣ ስልኩን ትራሱ ሥር ይከታል። ሚስቱ «ሐይቁ ናፍቆት ነው» ትላለች። ልጅቱ የማጥመጃ ዕቃ ሣጥንህን ከአጥማጆቹ ጎጆ ላምጣልህ ብትለው፣ «ተዪው! ማንም እንዳይሄድ። ስድን ራሴ አመጣዋለሁ» ብሎ ተቆጣ። ኩራት መሰላት።

እሷ ግን በልቧ ሌላ ነገር አስባ ነበር። ዕድሜ ልኩን ዕድል የራቀው ሰው፣ ዓይኑ ሳይከደን አንድ ቆሮሶ በቤቱ ይግባለት። አጥማጆቹን እጠይቃለሁ፤ እንዴት እንደሚያዝ ያሳዩኛል፤ ባይሳካልኝ እንኳ አንድ አይከለክሉኝም አለች። ቅዳሜ ጠዋት፣ «የደንበኛ መጋረጃ ልሰቅል ነው» ብላ ወጣች። ለአባቷ የዋሸችው የመጀመሪያ ውሸት ነበር፤ አውቶቡስ ላይ ይህቺው ቆጭታት ነበር።

የአጥማጆቹ ጎጆ ቆርቆሮ ለብሶ ውሃው ዳር ቆሟል። ደጁ ላይ ከሰማያዊ በርሜል የተቆረጠ ገንዳ ተቀምጧል፤ ውስጡ አምባዛዎች ጢማቸውን እያንቀሳቀሱ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። አጠገቡ ሁለት ሽማግሌዎች ተጣልተዋል። አንደኛው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሌላው በጡረታ የወጣ ዳኛ።

«ከአሳ ከቆሮሶ ቀጥሎ ዱባ የሚሉት ነው!» ይላል ፀጉር አስተካካዩ።

«ዱባ አሳ ነው ወይስ የመርፌ ፋብሪካ? አንድ ጉርሻ ሥጋ፣ አንድ እፍኝ አጥንት! ቢልጫ ነው እንጂ፤ ቢልጫ ሲያዝ ይታገላል፣ አያሳፍርም።»

«ምን ያደርጋል፣ ዳኛ ነህና ራስህ ከሰህ ራስህ ትፈርዳለህ።»

መጋረጃ ሰፊዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሰላም አለች። «የአባቴን ሣጥን ልወስድ ነው የመጣሁት። ሊፍት ጠጋኝ ነበር፤ ያውቁት ይሆን?»

ፀጉር አስተካካዩ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ቆሮሶን ነው? የቆሮሶ ልጅ ነሽ? ምን ነክቶት ነው ሰውዬው? ጠፋብን እኮ!»

«አይ፣ ሌላ ሰው መስሎዎት ነው። የኔ አባት አምባዛ ብቻ ነው የሚይዘው። እንዲያውም ልለምናችሁ የመጣሁት…»

አላስጨረሷትም፤ ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። እሷ ስልኳን አውጥታ ፎቶውን አሳየቻቸው፤ አባቷ አልጋው ላይ፣ ትራስ ተደግፎ።

«ራሱ ነው» አለ ዳኛው፤ ሳቁ ቆመ። «ወይኔ ወንድሜን፣ ታሞ ኖሯል።»

«አምባዛ ትላለች ደግሞ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ እንባውን እየጠረገ። «እናቴ ትሙት፣ እዚህ ዳርቻ እንደ አባትሽ ቆሮሶ የሚያወጣ የለም። የመንጠቆውን ሊጥ በምን እንደሚያሸው እስከ ዛሬ አልነገረንም። አምባዛ ከመጣበት ክሩን በጥሶ ይጥላል እንጂ በእጁ አይነካውም።»

መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር። አባቷ ጎበዝ ነው! አክስቷ በሰማች! ደስታው ግን ሥር ሳይሰድ ጥያቄው ተከተለው።

«ታዲያ አምባዛውን ከየት ነው የሚያመጣው?»

ዳኛው ሰማያዊውን ገንዳ በአገጩ አሳያት። «ከዚያ ነዋ። እኛ የምንጥለው ነው። ሲመሽ ጆንያውን ይሞላና ይሄዳል፤ ለውሻው።»

«ለውሻው» አለች።

«ከአምባዛ ሌላ የማይበላ ትልቅ ውሻ አለን ይለናል። አንዳንዴ የሞተውንም ይወስዳል፤ ውሻ ምን ቸገረው? ለመሆኑ እንዴት ነው ውሻው?»

«ደህና ነው» አለች መጋረጃ ሰፊዋ። ምላሷ ላይ የጨውና የሎሚ፣ ከሥሩም የጭቃ ጣዕም መጣባት። «ቆሮሶውንስ?»

«ለልጁ!» ፀጉር አስተካካዩ ቀደመ። «‹ልጄ ከቆሮሶ ሌላ አሳ አፏ አታስገባም› እያለ ያደርቀን የለ! ቅርፊቱን እዚህ ፍቆ፣ አጥቦ፣ ለምጣድ አሰናድቶ ነው የሚወስደው።» ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አያት። «እኔ እንኳ የማውቃት ትንሿን ነው፤ ያቺን ባለ መነጽሯን። ከእናቷ ጋር እዚህ ጎጆው በር ድረስ መጥተው ይቀበሉታል። አንቺ ትልቋ ነሽ ማለት ነው! አልነገረንም እኮ።»

ዳኛው በክርኑ ጎሸም አደረገው። ዕድሜውን ሙሉ የተከሳሽና የከሳሽ ፊት ሲያይ የኖረ ሰው ነው፤ የልጅቱን ፊት አይቶ ገብቶታል። ፀጉር አስተካካዩም ዘግይቶ ገባው፤ አፉን በመዳፉ ከደነና ወደ ውሃው ዞረ።

የጎጆው ጥበቃ የሰውዬውን መታመምና የሣጥኑን ጥያቄ እንጂ ሌላውን አልሰማም። ሣጥኑን ከውስጥ አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ አኖረላት። ከፈተችው። መንጠቆዎቹ በየመጠናቸው ተሰድረዋል፤ ክሩ ተጠቅልሏል፤ ጥግ ላይ እጀታው ያረጀ የቅርፊት መፋቂያ አለ። ጥርሶቹ መሐል የደረቁ ቅርፊቶች ተሰክተው ያብለጨልጫሉ። አምባዛ ቅርፊት የለውም። ክዳኑን መልሳ ዘጋችው።

ዳኛው የዕለቱን ትልቁን ቆሮሶ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ዓይኗን ሳያይ ሰጣት። «ለቤት ይሁን ልጄ» አለ። ለማን እንደሆነ አልጨመረም።

ጥበቃው ደግሞ ደግ ሰው ነው፤ ጆንያ ይዞ ወደ ገንዳው ሄዶ ሦስት አምባዛ ከተተላት። «ውሻውንም አትርሱት እንጂ! ጌታው ቢተኛ እሱ ጦሙን ይደር እንዴ?» አለ። አመስግና ተቀበለችው።

አውቶቡሱ ላይ ሰው ከአጠገቧ እየተነሳ ሄደ። ከፊቷ ያለችው ሴትዮ አፍንጫዋን በሻርፕ ይዛ መስኮት ከፈተች። መጋረጃ ሰፊዋ ጆንያውን እግሯ መሐል አቁማ እንባዋን ዝም ብላ ለቀቀችው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ እሷን ግን የጣላት ፈረስ ስትወድቅ ቁጭ ብሎ ዳቦውን በሻይ ያወራርድ ነበር። ሌላ ሴት፣ ሌላ ልጅ፣ እሺ ይሁን፤ ወንድ ያደርገዋል። ለዚያች ፍቆ፣ አጥቦ፣ አሰናድቶ። ለዚህች ከሰው ጥራጊ ለቅሞ። ያውም «ዕድሌ ነው» ብሎ ተንፍሶ፣ በትንፋሹ አስለቅሷት! ማታ ማታ «አምላኬ፣ ለአባቴ አንድ ቆሮሶ ስጠው» ብላ የጸለየችውን አስታውሳ እፍረት ፊቷን አቃጠላት።

ከአውቶቡስ ስትወርድ አንድ ነገር ቆርጣ ነበር። እሷ አትናገርበትም። ዕድሉን ትሰጠዋለች፤ በራሱ አፍ፣ እናቷ ፊት ከተናገረ ትሰማዋለች። ይቅር ማለቱን ባታውቅም መስማቱን ትሰማዋለች።

እናቷ በሩን ስትከፍት ጨርቁን ገልጣ ሰጠቻት። ሴትዮዋ እልል ማለት ቀራት። «ቆሮሶ! ቅርፊት አለው እኮ! አንተ፣ ቆሮሶ ቤታችን ገባ!» ብላ አልጋው ድረስ ወስዳ አሳየችው። አባትየው አሳውን አየ፤ ቀጥሎ በልጁ ክንድ የታቀፈውን ሣጥን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

እናት ጣውላዋን አልጋው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አደረገችና ቢላዋ ይዛ ቆመች። ከዚያ ግራ ገባት። ዕድሜዋን ሙሉ አሳ ስታጥብ የኖረች ሴት፣ ቅርፊት ግን ፍቃ አታውቅም። ከራሱ ጀምራ ወደ ጭራው ብታወርደው ቢላዋው እየተንሸራተተ አስቸገራት። «ይሄ ደግሞ እንዴት ነው የሚፋቀው?»

«ከጭራው ወደ ራሱ ነው» አለ አባትየው። አፉ ነው የቀደመው፤ ወዲያው ከንፈሩን ነከሰ።

እናት ሳቀች። «አንተ ደግሞ ከየት አወቅከው? ቆሮሶ ይዘህ ታውቃለህ?»

ልጅቱ ሣጥኑን ከፍታ መፋቂያውን ለእናቷ አቀበለቻት። ሴትዮዋ ተቀብላ፣ ጥርሶቹ መሐል ያሉትን የደረቁ ቅርፊቶች በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገች። ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ።

ልጅቱ ጆንያውን ከበሩ ጎትታ አመጣችና አልጋው እግር ሥር አኖረችው። ሽታው ክፍሉን ሞላው። «አባዬ፣ ጓደኞችህ ሰላም ብለውሃል። ይሄን ደግሞ ለውሻው ብለው ነው የላኩልህ።»

«የምን ውሻ?» አለች እናት። መፋቂያውን እንደያዘች አንዴ ባሏን፣ አንዴ ልጇን አየች። «ውሻ አለን እንዴ?»

ልጅቱ ወንበር ስባ ከአባቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ጠበቀችው። አባትየው ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ወደ ጣሪያው አየ፤ ከዚያ ያንን የቅዳሜ ማታ ትንፋሹን በረጅሙ ተነፈሰ።

«ከሌላ ሰው ጋር አምታተውኝ ይሆናል» አለ። «ሽማግሌዎች ናቸው፤ ይቀባዥራሉ።»

ልጅቱ ከወንበሯ ተነሳች። ጆንያውን አንስታ ወጥ ቤት ገባች፤ አባቷ ቅዳሜ ማታ ይዘረግፍበት በነበረው ገንዳ ውስጥ ዘረገፈችው።

«እኛ ነን እማዬ» አለች ከዚያው ሆና። «ውሻው እኛ ነን።»