ዘጠና ስምንት ከመቶ

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጉባኤ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ተማሪዎቼ ሁሉ እየሰሙ፣ «መሪጌታ፣ ልጅዎ ዝማሬ ፈተና ላይ ስትሰርቅ ተይዛለችና ቶሎ ይምጡ» አለኝ። በጆሮዬ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያን ዕለት ደግሞ ቀድሞውኑ ተበሳጭቼ ነበር። የእኔ ሥራ ዜማና ቅኔ ማስተማር ነው። የቅኔ ተማሪ በየቀኑ የራሱን አዲስ ቅኔ ይዞ ይመጣል፤ ትናንት የተባለው ዛሬ አይደገምም። ሰውአገኝ የሚባለው ተማሪዬ፣ ከጃናሞራ መጥቶ ሁለት ዓመት አብሮኝ የተቀመጠው፣ የሌላ መምህር ቅኔ አምጥቶ የራሴ ነው አለኝ። «ከጉባኤዬ ውጣ!» ብዬ አባረርኩት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዘበኛው መጣ።

ባጃጅ ውስጥ ጥምጥሜን ሁለት ጊዜ አፍርሼ ጠመጠምኩ። ዝማሬ ስምንተኛ ክፍል ናት። ውዳሴ ማርያምን ገና በአምስት ዓመቷ በቃሏ ያለች ልጅ ናት፤ ማንም ሳያስተምራት። ሌባ ናት ብል እኔው እብድ ነኝ፤ አይደለችም ብል ደግሞ ትምህርት ቤት ያለምክንያት አባት አይጠራም።

የኮምፒውተር ክፍል በሚሉት ቤት ሃያ የሚያህሉ ማሽኖች ተደርድረዋል፤ ግማሾቹ ተበላሽተው ጨርቅ ለብሰዋል። መምህሩ ጌትነት ወጣት ነው፤ ሲያየኝ ብድግ አለ። ዝማሬ ጥግ ላይ ቆማለች፤ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ዘበኛው ነገሩን አበላሽቶብኛል፣ መሪጌታ፤ ይቀመጡ» አለ። «ፈተናው ስለ ድምፅ ጻፉ የሚል ነው። ኮምፒውተሩ የልጆቹን ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ ካለው ጋር ያስተያያል። የዝማሬን አይቶ ዘጠና ስምንት ከመቶ አለ።»

«እሰይ!» አልኩ። «ዘጠና ስምንት አምጥታ ነው እንዲህ የምታስደነግጡኝ? ምነው?»

«ውጤቷ አይደለም። ዘጠና ስምንት ከመቶው የሌላ ሰው ጽሑፍ ነው ማለቱ ነው።»

«ሁለቱስ?»

«ስሟና ክፍሏ ነው።»

ከዚያ ዋናውን ነገር ነገረኝ። ከትምህርት ቤቱ አምስት ልጆች ተመርጠው መስከረም ላይ ባሕር ዳር፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባሉ። ዝማሬ ከአምስቱ አንዷ ነበረች። ዝርዝሩ ከሰዓት በኋላ ይላካል፤ ይህ ነገር ካልጠራ ስሟ ይወጣል።

«ከየት አይተሽ ነው የጻፍሽው?» ብዬ ጮህኩባት።

«አላየሁም አባባ። በቃሌ ነው። አንድ ኮምፒውተር ለስድስት ነው፤ በሳምንት ሃያ ደቂቃ ነው የሚደርሰኝ። እቤት ደግሞ የለንም። ስለዚህ ያነበብኩትን ሁሉ በቃሌ ይዤው እሄዳለሁ።»

ጌትነት አላመነም። ጽሑፉን በራሱ ማሽን ላይ ከፍቶ መስታወቱን ወደ ራሱ አዞረው። «በይ» አላት። ዝማሬ ዓይኗን ጨፍና ጀመረች። እንደ ዜማ ተማሪ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች፣ ድምፅ ከንዝረት እንደሚፈጠር፣ በአየር፣ በውኃና በጠጣር ነገር እንደሚጓዝ፣ እስከ መጨረሻው ተናገረችው። መምህሩ በጣቱ እየተከተለ ነበር። አንድ ቃል አልሳተችም።

ደስታዬ ልቆጣጠረው ከምችለው በላይ ሆነ። «አየህ? በእኛ ቤት በቃሉ የያዘ ሰው ሌባ አይባልም! አንዲት ፊደል የለወጠው ነው የሚቀጣው!»

«አልሰረቀችም፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለ ጌትነት ረጋ ብሎ። «ግን እርስዎ የቅኔ መምህር ነዎት። ተማሪዎ የሌላ ሰው ቅኔ በቃሉ ይዞ ቢመጣልዎ ምን ይሉታል?»

ስለ ሰውአገኝ ማን ነገረው? ማንም አልነገረውም፤ ከየት ይሰማል? ዜማ አይለወጥም፣ ቅኔ አይደገምም ብዬ ሠላሳ ዓመት በአንድ አፍ አስተምሬአለሁ። ሁለቱ ተገናኝተው እንዲህ ይፋጠጡኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ልጄ በየትኛው ነው የምትዳኘው? ጭራሽ ግራ ገባኝ።

«እንደገና ትጻፍ» አልኩ።

«መብራት ካልጠፋ ሰዓት አለን» አለ መምህሩ።

ዝማሬ ተቀመጠች። ጣቶቿን ፊደሎቹ ላይ አድርጋ ደግማ ዓይኗን ጨፈነች።

«ጻፊ እንጂ!»

«ምን ልጻፍ?»

«የራስሽን ነዋ!»

«የራሴን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለች። እንደ ወቀሳ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ጨው አልቋል እንደማለት ነው። እኔ ግን ወንበሩ ቆረቆረኝ።

ቆይታ ቆይታ በሁለት ጣቶቿ መነካካት ጀመረች። ስትጨርስ ጌትነት አንድ ነገር ተጫነና፣ «ዜሮ» አለ።

«ወይኔ ልጄን!» ብዬ ተነሣሁ።

«ኧረ ይረጋጉ፣ መሪጌታ! ዜሮ ሸጋ ነው። ከማንም አልወሰደችም ማለት ነው።»

ዘጠና ስምንት አሳፍሮ ዜሮ የሚያስከብርበት ነገር እስከዛሬም አልገባኝም። ጽሑፉን ጮክ ብሎ አነበበልኝ፦

«ድምፅ በግድግዳ ያልፋል። የቤታችን ግድግዳ ጭቃ ነው። አባቴ በወዲያ በኩል ያስተምራል፤ እኔ በወዲህ በኩል ሽሮ እነፋለሁ። ዜማ ሲሆን ሁሉም ያልፋል፤ ስለዚህ በቃሌ አውቀዋለሁ። ቅኔ ሲፈታ ግን አባቴ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ተማሪዎቹም ይጠጉታል። ያን ጊዜ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ እለጥፋለሁ፤ አይሰማኝም። ስለ ድምፅ የማውቀው ይህንን ነው። ጮክ ያለው ያልፋል፤ ዝቅ ያለው እዚያው ይቀራል።»

ጌትነት ስሟን ወደ ዝርዝሩ መለሰው። እኔ አመሰግናለሁ ማለቴን እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም።

ወደ ቤት በእግራችን ተመለስን። ዝማሬ ደስ ብሏት ከፊት ከፊቴ ትሄዳለች። እኔም ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ደስታውን ከኀዘኑ መለየት አቃተኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከግድግዳው ወዲያ ተማሪ እንዳለኝ አላወቅሁም። አሁን ሳውቅ ሰኔ ነው፤ መስከረም ትሄዳለች።

ሰውአገኝ አኩፋዳውን አቅፎ በራፉ ላይ ተቀምጧል። የሚሄድበት የለው።

«ግባ» አልኩት። «ነገ የራስህን ይዘህ ትመጣለህ። ትንሽም ቢሆን፣ የተሰበረም ቢሆን የራስህን።» ከዚያ ወደ ዝማሬ ዞርኩ። «አንቺም ከነገ ጀምሮ ከእኛ ጋር ነሽ።»

ቆም ብላ አሰበች። «አባባ፣ ቅኔ በስንት ጊዜ ይለመዳል?»

«ሁለት ወር ይበቃል» አልኳት።

ሁለት ዓመት የተቀመጠው ሰውአገኝ ቀና ብሎ አየኝ።