ከነላስቲኩ አራተኛ የወጣው ካሴት

የነሽዋ እጅ ያን ሐሙስ አልታዘዝ አላት። ገና በረፋዱ የአንዷን ደንበኛ ጆሮ በፀጉር ማድረቂያ ለበለበች፤ የሌላዋን ቀለም ደግሞ ረስታ ከልክ በላይ አቆየችውና ቡኒ ይሁንልኝ የተባለው ፀጉር ካሮት መስሎ ወጣ። እንግዲህ ሹብራ ሰፈር ውስጥ ነሽዋን የሚያህል ፀጉር ሠሪ የለም ሲባል የኖረው በከንቱ ነው? ኧረ በከንቱስ አይደለም። ሴትዮዋ ጭንቅ ይዟት ነው።

ዘመኑ ካሴት የነገሠበት ነበር። ካይሮ ላይ ሙቀቱ ሲጀምር አልበም እንደ ሐብሐብ በየሱቁ ደጃፍ ይቆለላል፤ ነሽዋ ታዲያ አንዱም አያመልጣትም። ስትቆርጥ ትሰማለች፣ ስታጥብ ትሰማለች፣ ምግብ ስትበላ እንኳ ቴፑ አይዘጋም። የፈረንጆች ዓመት ሊያልቅ ሲል፣ በመጨረሻው ሐሙስ፣ የዓመቱን አሥር ምርጥ አልበሞች እዚያው ፀጉር ቤቷ ውስጥ ታውጃለች። ከአሥረኛ ጀምራ ወደ አንደኛ ትወጣለች፤ ከእያንዳንዱም አንድ ዘፈን ታሰማለች። ሴቶቹ ጎራ ለይተው ይሰዳደባሉ፣ የፀጉር መጠቅለያ ይወራወራሉ፣ ያለቀሰችም አለች። በማግስቱ ካሴት ሻጮቹ "ነሽዋ ማንን አለች?" ብለው ይጠይቃሉ።

አንደኛው ግን ማንም የሚያውቀው ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ሪያድ ዘህራን ነው። "ሪያድ አስነጥሶ በካሴት ቢያወጣው ነሽዋ አንደኛ ትለዋለች" ይሏታል። እሷም "ማስነጠሱም ዜማ አለው" ብላ ትመልሳለች።

የዘንድሮው ጭንቅ የመጣው ከወንድሟ ከወጊህ ነው። ወጊህ በአራት ዓመት ይበልጣታል፤ በየሠርጉ ኦርጋን ይጫወታል። ልጅ ሳለች ጣሪያ ላይ አስቀምጦ "ድምፃዊውን ተዪው፤ ከሥር ያለውን ቤዝ ስሚ፣ አሁን ደግሞ ከበሮውን ለይው" እያለ ጆሮዋን የከፈተላት እሱ ነው። መስከረም ላይ ይኸው ወጊህ አልበም አወጣ። የቆዳ ጃኬት ለብሶ፣ አገጩን በእጁ ደግፎ የተነሳውን ፎቶ ሽፋኑ ላይ ለጠፈና የመጀመሪያውን ካሴት አምጥቶ እጇ ላይ አኖረው። እልል አለች፣ ግንባሩን ሳመችው። ከዚያ ካሴቱን መሳቢያ ውስጥ ከፀጉር መረቦቹ ሥር ከተተችውና ሳትከፍተው ቀረች። ቀጭኗ ላስቲክ እንኳ ከላዩ አልተቀደደችም።

ለምን? ፈራቻ! ሌላ ምክንያት የለውም። ነሽዋ ሰውን ልታታልል ትችላለች፣ ጆሮዋን ግን አታታልልም። መጥፎ ቢሆንስ? ከዚያ በኋላ የወንድሟን ፊት በየትኛው ዓይኗ ታየዋለች? እሱ ደግሞ በመጣ ቁጥር ይጠይቃል።

"ሰማሽው?"

"ሰማሁት እንጂ! ነፍስ ነው!"

"የትኛው ደስ አለሽ?"

"ሁሉም!"

ዘፈን የሚወድ ሰው "ሁሉም" ካለ አንዱንም አልሰማም ማለት ነው። ወጊህ ይህን ይወቅ አይወቅ እሷ አላወቀችም፤ ብቻ እሱ ፈገግ ብሎ ይሄዳል። በዋዜማው ረቡዕ ቆርጣ ተነሳች። ካሴቱን አወጣች፣ ጥፍሯን ላስቲኩ ጫፍ ላይ አሳረፈች። ያን ጊዜ አንዲት ደንበኛ ገባች። ነሽዋ አምላኳን አመሰገነችና ካሴቱን መልሳ ሸጎጠችው። እንዲህም ዓይነት ምስጋና አለ!

ሐሙስ አመሻሹ ላይ፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ፀጉር ቤቱ ጢም አለ። ጎረቤቷ የሂሻም እናት ፀጉሯን ልታደርቅ ካስክ ውስጥ ገብታለች፤ ማሽኑ ጆሮዋ ላይ ስለሚጮህ የምታወራው ሁሉ ጩኸት ነው። ባንክ የምትሠራው ሩቂያ ፀጉሯን ተጠቅልላ የሱፍ ፍሬ ትፈለፍላለች። ወንድ እዚያ ቤት አይገባም፤ በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ አለ። ወጊህም ይህን ስለሚያውቅ ከጎረቤቱ ጭማቂ ቤት ወንበር ተውሶ፣ ጀርባውን ለመጋረጃው ሰጥቶ እግረኛ መንገዱ ላይ ተቀምጧል።

"ነሽዋ! እዚህ ነኝ!" አለ ከውጭ።

"እንኳን ደህና መጣህ" አለችው።

ጀመረች። አሥረኛ አለች፣ ዘጠነኛ አለች። ስምንተኛ ላይ የምትወዳት ዘፋኝ የተጠራችባት ሩቂያ ብድግ ብላ "ናዲን ኸውሊን ስምንተኛ? ስምንተኛ! አንቺ ሴት ፈጣሪሽን አትፈሪም?" ስትል መጠቅለያ ተወረወረ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ነሽዋ ነፍሷ የሚደሰተው በዚህ ነበር። ዛሬ ግን አንዱን ካሴት ሳታስጨርስ ሌላውን ትከታለች፣ ዓይኗ መጋረጃው ሥር ይሄዳል። ከመጋረጃው ሥር የወጊህ ጫማ ይታያል። ለዚህ ቀን ብሎ አስጠርጎታል። ወጊህን ሳትጠራ ልታልፈው ነበር ሐሳቧ፤ ማታ ቤቱ ሄዳ "ወንድሜ ስለሆንክ ሰው እንዳያማኝ ነው" ልትለው ነበር። ጫማውን ስታይ አንጀቷ አልችል አለ።

"አራተኛ" አለች፣ "አራተኛ... ወጊህ! ወንድሜ ወጊህ!"

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ውጭ ወንበሩ ሲወድቅ ተሰማ፤ ወጊህ እየሳቀ ለጭማቂ ሻጩ "አራተኛ'ኮ ነው ያለችው! ሰማህ?" ይላል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ነሽዋ አሁን ወዴት ትመልሰው?

"ይሰማ! ይሰማ!" አሉ ሴቶቹ።

"ቴፑ... ቴፑ ዛሬ ካሴት እየበላ ነው" አለች፣ "የወንድሜን አላስበላም። ነገ አሰማችኋለሁ።"

"ስድስቱን ያልበላ ቴፕ የወንድምሽን ብቻ መርጦ ይበላል?" አለች ሩቂያ። "የት ነው ያስቀመጥሽው? መሳቢያው ውስጥ ነው አይደል?" ነሽዋ እጇን እስክትዘረጋ መሳቢያው ተከፍቶ፣ መረቦቹ ተገልብጠው ካሴቱ ወጣ። ሩቂያ አየችው። አገላብጣ አየችው። ከዚያ ነሽዋን ቀና ብላ አየቻትና ዝም አለች። እሷስ ጨዋ ናት፣ ዝም አለች። የሂሻም እናት ግን ከካስኩ ውስጥ አንገቷን አስግጋ፣ ሰፈር በሚሰማው ድምፅ፦

"እንዴ! ይሄ ከነላስቲኩ ነው'ኮ! ሳይከፈት ነው እንዴ አራተኛ የወጣው?" አለች።

ውጭ ሳቁ ቆመ።

"ነሽዋ?" አለ ወጊህ።

መጋረጃው ተገለጠ። ሴቶቹ ጮኹ፤ ፎጣ የደረሳት ፎጣ፣ ሻሽ የደረሳት ሻሽ፣ አንዷማ የነሽዋን ሽርጥ ራሷ ላይ ጣለች። ወጊህ ማንንም አላየም። መሬት መሬት እያየ እጁን ዘረጋ፣ ሩቂያ ካሴቱን ሰጠችው። ላስቲኩን በጥርሱ ቀደደውና ቴፑ ውስጥ ከተተው።

"እንግዲህ አብረን እንስማዋ" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ኦርጋኑ ገባ። ውብ ነው፤ የወጊህን ጣት ማን ያማል? ቀጥሎ ድምፁ ገባ። ነሽዋ ክው አለች። መጎተቱ የሪያድ ዘህራን ነው። ልቅሶ ልቅሶ ማለቱ የሪያድ ነው። ከስንኙ በፊት የምትሰማዋ ትንፋሽ ሳትቀር የሪያድ ናት። ሁለተኛውም ዘፈን እንደዚያው ሆነ። ያ ጣሪያ ላይ ሲያንጎራጉር የምታውቀው ሻካራ፣ ሳቅ ሳቅ የሚለው ድምፅ የት ገባ? ካሴቱ ውስጥ የለም። ሴቶቹም እልል አላሉም፤ እግራቸውን እያዩ ተቀመጡ።

ነሽዋ ቴፑን ዘጋችው። "ወጊህ፣ ይሄ ያንተ ድምፅ አይደለም" አለች።

"የማን ነው ታዲያ?"

"የሪያድ ነዋ።"

"አወቅሽው!" አለ ለግድግዳው። "በማን ድምፅ ልዝፈንልሽ? አሥር ዓመት አንደኛ የምታወጪው እሱን! አንቺ እንድትወጂው ብዬ ነው'ኮ እንዲህ የዘፈንኩት። ለሌላ ለማን መሰለሽ?"

ይህን ብሎ ወጣ።

"ምን ትገተሪያለሽ? ተከተይው እንጂ!" ብላ ጮኸችባት የሂሻም እናት። "ፀጉራችን እንደሆነ የትም አይሄድ!"

ቀለም የነካ ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ ወጣች። ወጊህን ከጭማቂ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘችው። ከሚያልፈው ሚኒባስ ሁሉ የሪያድ ዘፈን ይጮሃል። አጠገቡ ቆመች፤ አንዴ በአንዱ እግሯ፣ አንዴ በሌላው።

"ፈርቼ ነው" አለችው። "መጥፎ ቢሆንስ ብዬ። ላንተ መዋሸት ፈርቼ ይኸው በአደባባይ ዋሸሁ።"

"ሦስት ወር ሙሉ ነፍስ ነው ስትዪኝ አንድም ዘፈን በስሙ አልጠራሽም" አለ፣ መንገዱን እያየ። "ጠርጥሬ ነበር። አጥብቄ ልጠይቅሽ ግን እኔም ፈራሁ።" ከዚያ ቀና ብሎ አያት፤ ያን ቀን ፊቷን ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። "አሁን ሰምተሽዋል። ስንተኛ ነኝ?"

አሥረኛ ብትለው ምን ነበረበት? አንዲት ቃል ናት፤ ሁለቱም ይዘዋት ወደየቤታቸው ይገባሉ። ከንፈሯም ተንቀሳቅሶ ነበር።

"የለህበትም" አለችው። "ከአሥሩ ውስጥ የለህም፣ ወጊህ።" እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ወጊህ ከንፈሩን ነከሰ። ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። ሚኒባሱ አለፈ፣ ሌላ መጣ፣ እሱም አለፈ። በመጨረሻ ፈቀቅ አለና አጠገቡ ቦታ ለቀቀላት።

"ቁጭ በይ" አላት፤ "ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምረሽ ለምን እንደሆነ ንገሪኝ።"