በእናታችን ምርቃት ላይ የገባው ስልክ ቁጥር

እስቲ አንተ አንባቢ፣ ለስልክ ቁጥር «አሚን» ብለህ ታውቃለህ? እኛ ብለናል። እኔ፣ እህቴ ቀመሪያ፣ የሙሽራው ወገን ሽማግሌዎች፣ ከአጥራችን ወዲያ ያሉት ወይዘሮ ሀረገወይን ጭምር፤ እሳቸውስ በራሳቸው ደንብ «አሜን» ነው ያሉት። በ1998 ዓ.ም.፣ ጌጃ ሰፈር፣ ድንኳን ውስጥ፣ እጃችንን ዘርግተን።

እናታችን በ1985 ልትሞት ሁለት ሳምንት ሲቀራት ቴፕ አስመጣችና ሁላችንንም ከክፍሉ አስወጣችን። ለብቻዋ ቀዳች። ስትጨርስ ካሴቱን ለቀመሪያ ሰጥታ፣ «ኢክላስ ስታገባ አሰሚያት፤ ከዚያ በፊት ማንም እንዳይከፍተው» አለቻት። ኢክላስ የቀመሪያ ልጅ ናት፤ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ከአያቷ ጉያ የማትጠፋ። ቀመሪያ ካሴቱን የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከታ አሥራ ሦስት ዓመት ጠበቀችው። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ልሰርቀው ሞክሬ ሁለቴም ተይዣለሁ።

ሰርጉ ሲደርስ ሰፈሩ ሁሉ ወደ ሲዲ ዞሯል፤ ደህና ቴፕ ያለው ሰው ጠፋ። ስለዚህ ሙደሲር ዘንድ ሄድን። ሙደሲር ከጌጃ ሰፈር ወደ ልደታ ማርያም በሚያወጣው መንገድ ላይ፣ አንድ ኮምፒውተርና ወሰን የሌለው ድፍረት ይዞ ሲዲ የሚያባዛ ሰው ነው። ዘፋኝ ሁለት ዓመት የለፋበትን ሥራ በአራት ደቂቃ ይገለብጣል። ከዚያ በዘፈኑ መሐል የራሱን ድምፅ ያስገባል፦ «ሙደሲር ሲዲ ቤት! ጥራት መለያችን ነው!» ስልክ ቁጥሩም ይከተላል። ለምን? ሌላው ሲዲ ቤት እንዳይሰርቀው! የሰረቀው እንዳይሰረቅበት ማኅተም የሚመታ ሌባ ሌላ አገር ካለ የሚያውቅ ይንገረኝ።

«እትዬ ቀመሪያ፣ ምንም አያስቡ» አለ። «ቴፑን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘዋለሁ። እሱ ይጫወታል፣ ኮምፒውተሩ ይቀዳል።»

«አትስማው ታዲያ።»

«ሳልሰማ እንዴት እቀዳለሁ?»

«እሺ ስማ፤ ግን ለማንም እንዳትናገር። እኛም የምንሰማው በሰርጉ ቀን ነው።»

«ወላሂ፣ ትንፍሽ አልልም!»

ይህቺን ቃሉን እስከ ዛሬ ጠብቋታል።

ሲዲው ደረሰና «ልሞክርላችሁ?» ሲል ቀመሪያ ጆሮዋን ይዛ ከሱቁ ወጣች።

በሰርጉ ቀን ኒካሁ ታሰረ፣ ምሳ ተበላ፣ ሲዲው ገባ። የእናታችን ድምፅ ከሞንታርቦው ሲወጣ ቀመሪያ ሻርፗን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። «ቤትሽ ይሙላ።» አሚን። «ክፉ አይይሽ።» አሚን። «ከሚዋሽ ባል አላህ ይጠብቅሽ።» አሚን፤ ሙሽራው ሳይቀር። ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። «ኢክላስዬ፣ እናትሽም የማታውቀውን አንድ ነገር ላንቺ ልንገርሽ…»

ሕፃናቱ እንኳ ወደ ሞንታርቦው ዞሩ።

«ሙደሲር ሲዲ ቤት! ጥራት መለያችን ነው!» ቁጥሩ ተከተለ፣ አንድ በአንድ፣ ሁለቴ።

«አሚን!» አለ ድንኳኑ በሙሉ።

ምን ይደረግ? መራቂ ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር አሚን ይባላል፤ አፍ ጆሮን አይጠብቅም። መጀመሪያ የነቁት ወይዘሮ ሀረገወይን ናቸው። «ምነው፣ ይሄ ደግሞ ከየት የመጣ ዘመድ ነው?» ሲሉ ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ እናታችን «እንግዲህ ይኸው ነው፤ አደራ» ብላ ጨርሳለች።

ኢክላስ ብቻ አልሳቀችም። «መልሱት» አለች። መለስነው፤ ሙደሲር ሲዲ ቤት። «መልሱት!» ለሦስተኛ ጊዜ ስትል ኩሏ አገጯ ላይ ደርሶ ነበር።

በማግስቱ እኔና ቀመሪያ ሱቁ ገባን።

«ያንተ ጩኸት የሌለበትን አምጣ» አልኩት።

«ጋሽ አብዱልመናን፣ እሱማ ጠፋ። ኮምፒውተሩ ሞልቶብኝ ለአዲስ ዘፈን ቦታ ሳስለቅቅ…»

«የሷን ካንተ ድምፅ ስር ማውጣትስ?»

«ከስር ምንም የለም። ቆርጬ ነው የተካሁት።»

«ካሴቱስ?»

«ወደ ኋላ ሳጠነጥነው ቴፑ በላው።» ከመሳቢያው እንደ ፓስታ የተጠቀለለ ቡናማ ክር አወጣ።

ቀመሪያ ክሩን ተቀበለችው። «አንተ ጅል፣ የእናቴን ምርቃት ማን ይሰርቃል ብለህ ነው?»

«እትዬ፣ ያለ ማኅተም ከዚህ ቤት የወጣ ሲዲ የለም።»

«መጨረሻው ላይ አታደርገውም ነበር?» አልኩ።

«መጨረሻውንማ ሌቦቹ ቆርጠው ይጥሉታል! ዋናው ቦታ ላይ ነው የሚገባው። ሙሉውን ሰምቼ፣ በጣም የሚያምረውን ቦታ መርጬ ነው ያስገባሁት።» ምስጋና የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

እኔና ቀመሪያ ተያየን።

«ሰምተኸዋላ! ምን አለች?»

ሙደሲር መሳቢያውን ዘጋ። «እንዳልናገር ቃል አስገብተውኛል።»

«ቃሉን አንስቼልሃለሁ፤ ተናገር!» አለች ቀመሪያ።

«ደግሞም… ረስቼዋለሁ።»

ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው። የረሳ ሰው ቃል አያስጨንቀውም። ምናልባት ያፍር ይሆናል፤ ምናልባት የሰማው ነገር ከባድ ይሆናል። የትኛውም ቢሆን የሱ ንብረት አይደለም። ስድስት ወር ሙሉ ኢክላስ ካገባችበት ከሰንጋ ተራ እየተመላለሰች በሩ ላይ ቆመች፤ እሱ ሙዚቃውን ከፍ ያደርጋል። እኔን በጓሮ ጠርቶ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ሁለት ሲዲም መረቀልኝ። ሲዲዎቹን መለስኩለት። የጓሮ ይቅርታውንም መልሻለሁ፤ እኛን ያዋረደን በሞንታርቦ ነው።

እንግዲህ ሙደሲር፣ ስማ። በዓለም ላይ እናታችንን እስከ መጨረሻው የሰማሃት አንተ ብቻ ነህ። በመጪው አርብ ከጁምዓ በኋላ ሱቅህ በር ላይ እንቆማለን፤ ሽማግሌዎቹም፣ ወይዘሮ ሀረገወይንም፣ «አሚን» ያልን ሁሉ። ሙዚቃውን ዝጋ፣ ውጣ፣ ኢክላስን ፊት ለፊት እያየህ ሰው ሁሉ እንዲሰማ መልስ፦ ቆርጠህ በጣልከው ቦታ ላይ አያቷ ምን አለቻት?