አንድ ጊዜ የጠራ

በጃንሆይ ዘመን፣ አንድ ክረምት፣ የዘንገና ጫካ ጅብ አስመረረን። በግና አህያ አልበቃው ብሎ ፈረስ ከደጃችን ይወስድ ጀመር። ሰንበቴ ላይ «ጫካ ገብቶ የሚያጠምድ ፈቃደኛ ማነው?» ሲባል ክንዴና ታላቅ ወንድሙ አድማሴ ቀድመው ተነሡ። ሌሎቻችን ያን ዕለት ጠላው ጣፍጦን አንገታችንን ደፋን።

አድማሴ ሌላም ጉዳይ ነበረው። ሚስቱ ካሳነሽ ኮሶ ታይቷት ነበር። የኮሶ ዛፍማ በደጃችን ሞልቷል፤ እሷ ግን ገና ስትቀምሰው ያስመልሳታል። ስለዚህ «ለኮሶ እንቆቆም ያሽራል፤ ፈልጌ አመጣልሻለሁ» ብሏታል። ክንዴ የጅቡን ጉድጓድ ሲቆፍር፣ እሱ ዛፍ ላይ የተጠመጠመውን የእንቆቆ ሐረግ አንጋጦ እየፈለገ ጉሙ ውስጥ ገባ።

ጥቂት ቆይቶ ክንዴ ድምፅ ሰማ።

«ክንዴ!»

የወንድሙ ድምፅ ነው። ግን ጫካ ውስጥ አንድ ጊዜ ለጠራ አቤት አይባልም። ሰይጣን የሰው ድምፅ ይዋሳል፤ ሰው ከሆነ ይደግማል ተብለን ነው ያደግነው። ክንዴ አማተበና ዝም አለ። ሁለተኛ የጠራው የለም። እንዲያውም ሰይጣኑን ያሞኘው መስሎት ደስ አለው። ወንድሙም ቀድሞት የሄደ መስሎት ወደ ቤቱ ተመለሰ።

አድማሴን በማግስቱ አገኘነው። አባቶቻችን ቆፍረው በረሱት፣ ቅጠል በሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ፣ ለጅብ በተተከለው ሹል እንጨት ላይ ወድቋል። እንቆቆውን እንደጨበጠ ነው።

ካሳነሽ ሳታለቅስ ክንዴን ጋቢውን ያዘችው።

«አልጠራህም?»

«ጠራኝ።»

«እና?»

«አልደገመም፣ እታለም።»

«በምን ትንፋሹ ይድገም?»

በዓመቱ ጫካው ሥር ድንች ስንኮተኩት ጉሙ ወረደ። ክንዴ አጠገቤ ነበር፤ ካሳነሽ ከፊታችን።

«ካሳነሽ!» አለ ከጫካው ውስጥ።

የአድማሴ ድምፅ ነበር። ሁላችንም አወቅነው።

ካሳነሽ መኮትኮቻዋን ጣለች። «አቤት! መጣሁ!» ብላ ወደ ጉሙ ሮጠች። ክንዴም «እታለም! እታለም!» እያለ ተከተላት። የቀረነው ሁለተኛውን ጥሪ እየጠበቅን ቆምን።