ራስ የሌለው አንበሳ

አሳየሽ በፎቶ ኮፒ ማሽኗ ላይ የሚያልፈውን ወረቀት ሁሉ ታነባለች። ነውር እንደሆነ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። መጥፎ ነገር ወደ ቤቷ እየመጣ ከሆነ ግን አስቀድማ ብታውቀው ትመርጣለች። የማን ድንበር እንደተገፋ፣ ማን ከማን ጋር እንደተካሰሰ፣ የማን ደም ውስጥ ምን እንደተገኘ፣ ሶዶ ውስጥ ከእሷ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስልም። ማወቋ ግን አንድም ቀን አረጋግቷት አያውቅም። ልጇ ቤዚ አሥር ደቂቃ ካረፈደች የተገለበጠ ባጃጅ ይታያታል፤ ስልኳን ካላነሳች ደግሞ የሬሳ ክፍል።

ቤዚ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። በምህንድስና ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ሥራ ግን አላገኘችም። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጣ ትንንሽ መኪና ትገጣጥማለች። አጎቷ ተክለጻድቅ ከዱባይ በሰው እጅ የሚልክላት ካርቶን ውስጥ የመኪናው አካል በሙሉ፣ ከሞተሩ እስከ መጥረጊያው፣ ፕላስቲክ ክፈፍ ላይ እንደተጣበቀ ይመጣል። እሷ እየቆረጠች፣ እየሞረደች፣ ስቱኮ እየቀባች ታያይዘዋለች። ከዚያ በኋላ ነው የእሷ ሥራ የሚጀምረው። የጃፓኑን መኪና የሶዶ መኪና ታደርገዋለች። ፋርማሲ ከሚሸጠው የምላስ መጫኛ እንጨት ስፖንዳ፣ የጭነቱን የእንጨት አጥር፣ ትሠራለታለች፤ ከአሮጌ ነጠላ ዘርፍ ለጋቢናው መጋረጃ ታበጃለች፤ ከደጃቸው የነፋችውን ቀይ አፈር በሙጫ ለውሳ ከጎማው በላይ ባለው ፓራፋንጎ ሥር ትቀባለች፤ የክረምት ጭቃ እንዲመስል። መጫወቻ ያላት ሰው ወዮለት።

ያን ሰሞን የጨረሰችው የጋሽ ደገፉን አይሱዙ ነበር። ጋሽ ደገፉ ራሱ የሚነዳት ሰማያዊ ኤፍኤስአር አለችው። በመስከረም ወር ሱቁ ድረስ መጥቶ፣ "ለሳሎኔ የምትሆን ሥሪልኝ" ብሎ ነበር፤ "ግን ልክ እንዳለች። ጠባሳዋ እንዳይቀር። እኔና እሷ አብረን ነው ያረጀነው።" ቤዚም መኪናዋ በቆመችበት ሄዳ፣ ሜትርና ደብተር ይዛ፣ እያንዳንዱን ሳንቃ ለክታ በእርሳስ ነድፋ ተመለሰች። ካርቶኑ ከዱባይ እስኪደርስ፣ ተሠርቶም እስኪያልቅ፣ የካቲት ሆነ። በዚህ መሐል ጋሽ ደገፉ "ለቦሎ ነው" ብሎ መኪናዋን አዲስ ስፖንዳ አልብሶ፣ ከላይ እስከ ታች ቀለም አስቀብቷታል። ቤዚ ግን የሠራችው የመስከረሟን ነው። አዲሷማ ምን ያምራል፣ ትላለች።

ሰኞ ዕለት አምጥታ ባንኮኒው መስታወት ውስጥ አስቀመጠቻት። አሳየሽ ከፊት አየቻትና፣ "ጎሽ" አለች። ከኋላ አላየቻትም።

ማክሰኞ ጠዋት ኢትዮጵያ መጣች። ኢትዮጵያ የዱቦ ገበሬ ናት፤ ከጥቅምት ጀምሮ አቤቱታ ልታባዛ ትመላለሳለች። ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው ልጇ ቦልቴ በዚያው ወር አንድ ማለዳ ብስክሌቱን እየገፋ አስፋልት ሲሻገር፣ የጭነት መኪና ገጭቶ ገድሎት ሳይቆም ሄዷል። እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ ወረቀቶቹ ላይ የነበረው "ሰማያዊ አይሱዙ፣ ታርጋው ያልታወቀ" የሚል ብቻ ነው። ሰማያዊ አይሱዙ ደግሞ በዚያ መንገድ በየሩብ ሰዓቱ ያልፋል።

"ሳሮ፣ እህቴ" አለች ኢትዮጵያ፣ በወላይትኛ ሰላም ስትላት። "ዛሬ ምስክር አለኝ። አቦካዶ የምትሸጠው ሴትዮ አይታለች።"

"ተመስገን። ስንት ኮፒ?"

"ሦስት።"

አሳየሽ ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ከማጋደሟ በፊት እንደ ልማዷ አነበበችው። ምስክሯ ማንበብ ስለማትችል ታርጋውን አልያዘችም፤ ነገር ግን መኪናው ሲሸሽ ከኋላ ስፖንዳው ላይ አንበሳ ተስሎ አይታለች፤ አንበሳው አካልና ጅራት እንጂ ራስ አልነበረውም ይላል። ራሱ ሊሆን በሚገባው ቦታ ቀለም የሌለው ባዶ ሳንቃ ነው።

"ራስ የሌለው አንበሳ አይረሳም አለችኝ" አለች ኢትዮጵያ። "አንቺ ጋ ብዙ ሰው ይመጣል። እንዲህ ያለ መኪና አይተሻል?"

አሳየሽ መልስ ለመስጠት ዓይኗን ዝቅ ስታደርግ፣ በእሷ በኩል ወደ ባንኮኒው ውስጥ ዞሮ የተቀመጠውን የትንሿን መኪና ጀርባ አየች። አንበሳው ቢጫ ነው። ጅራቱ እንደ ጅራፍ ወደ ላይ ተቆልምሟል። ከአንገቱ በላይ ያልተቀባ እንጨት ነው።

"አላየሁም" አለች። የወረቀት እሽግ አንስታ ባንኮኒው ላይ፣ ልክ ከመኪናዋ በላይ ጫነችበት። "አላየሁም፣ እህቴ። ሦስት አልሽኝ?"

ኢትዮጵያ አመስግናት ሄደች። አሳየሽ እሽጉን ከመኪናዋ ላይ አላነሳችም። ጋሽ ደገፉ ማለት፣ ባሏ ሐብተማርያም ሐዋሳ ሆስፒታል ያረፈ ጊዜ፣ ዘመድ ሁሉ ስልክ ላይ ሰበብ ሲደረድር፣ ማንም ሳይጠራው በዚያችው አይሱዙ ደርሶ ሬሳውን ለአገሩ አፈር ያበቃላት ሰው ነው። የናፍጣ እንኳ አልተቀበላትም። ሬሳው የተሸፈነው በዚያችው መኪና ሸራ ነበር። ለዚያ ሰው ይሄን ትመልስለት? ደግሞስ አንዱን መንገድ ላይ ጥሎ የሄደ ሰው፣ የሚናገርበትን ምን ያደርገዋል? ቤዚን ማታ ማታ ከኋላዋ እየተከተለ የሚመጣ የመኪና መብራት ታያት። ለቤዚ ብትነግራት ደግሞ ልጅቷ ያንኑ ደቂቃ ፖሊስ ጣቢያ ናት። እንደ አባቷ ናት፤ ነገር አታሳድርም።

ስለዚህ ምክንያቱን ትታ ሌላውን ተናገረች።

"ቤዚ፣ አንበሳው ላይ ራስ ሥሪበት።"

ቤዚ ሳቀች። "ምን አደረገሽ?"

"ሰው ይስቅብሻል። ቆርጣ ጣለችው ይሉሻል።"

"እማ፣ ሳንቃው ተሰብሮ በባዶ ሳንቃ ተክተውት ነው። እኔ ምን ላድርግ? ለክቼ ነው የሠራሁት። ጋሽ ደገፉ ራሱ አይደል ጠባሳዋ እንዳይቀር ያለው?"

"ሰው ያለው ሁሉ ይደረጋል?"

"ከፈለገ እሱ ይንገረኝ። አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የአንበሳ አዛኝ የሆንሽው?"

ቅዳሜ ቤዚ የጓደኛዋ ሽምግልና ላይ ለመገኘት ቦዲቲ ሄደች። አሳየሽ ሱቁን ከውስጥ ቀርቅራ መኪናዋን አወጣች። ቀላል ነች፤ እንደ ጫጩት። በጥፍር ሞረድ ባዶውን ሳንቃ መፋቅ ጀመረች፤ እንጨቱ ተሰነጠቀባት። ስንጥቁን በሙጫ ደፈነችው፤ ሙጫው እየወረደ የአንበሳውን ደረት አበላሸው። ከዚያ ከልጇ ብልቃጦች ቢጫውን ከፍታ ራስ ሳለችበት። ሥዕል ተምራ አታውቅም። የወጣላት ጆሮው የወደቀ ድመት ነው። ደብተሩንም ገልጣ፣ የኋላ ስፖንዳው በልኩ የተነደፈበትን ገጽ ገነጠለችና ምድጃ ውስጥ ከተተችው። የአምስት ወር ሥራ ነበር፤ እሷ ግማሽ ሰዓት አልፈጀባትም።

ቤዚ አመሻሽ ላይ ስትመለስ መኪናዋን አንስታ አየቻት፤ አሽከረከረቻት፤ መልሳ አስቀመጠቻት። አልጮኸችም። አሳየሽ ብትጮህ በወደደች ነበር።

"ጥፍርሽ ሥር ቢጫ አለ" አለች ቤዚ።

"ልጄ፣ እኔ..."

"መጫወቻ ብለሽ ብትስቂብኝ ይሻለኝ ነበር።"

ሰኞ ጋሽ ደገፉ ሊወስዳት መጣ። ከፊት አይቶ ፈገግ አለ፤ መጋረጃዋን በጣቱ ነካካ፤ የፊት ብረቷን፣ ፓራውልቷን፣ አይቶ፣ "ይቺን ጉድ፣ ጭረቷን እንኳ አልረሳችም" አለ። ከዚያ ገለበጣት። ፈገግታው ቀረ።

"ይሄን ማነው የሳለው?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ" አለች አሳየሽ።

"ይቅርታ፣ ጋሼ" አለች ቤዚ፤ ፊቷ ቀልቷል። "እኔ የሠራሁት እንዲህ አልነበረም። ራስ የሌለው ነበር፣ እንደነበረው።"

"ነበረው" አለ ጋሽ ደገፉ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። "ሁልጊዜም ራስ ነበረው።"

"ጋሼ፣ እኔ በሜትር..."

"ተሳስተሽ ይሆናል፣ ልጄ። ሰው ይሳሳታል።" ይሄን ሲል የሚያየው ቤዚን አልነበረም። አሳየሽን ነበር። እሷም አየችው። ሁለቱም የሚያውቁት አንድ ዓይነት ነገር መሆኑ ገባቸው። "እግዜር ይስጥልኝ፣ አሳዩ" አለ። መኪናዋን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ዕቃ እንደ ሰረቀ ሰው ብብቱ ሥር ከትቶ ወጣ።

አሳየሽ በሕይወቷ ብዙ ምስጋና ተቀብላለች። እንደዚህ የመረራት የለም።

ኢትዮጵያ እንደገና የመጣችው በዚያው ሳምንት ሐሙስ ነው። የያዘችው የመጨረሻ አቤቱታዋን ነው፤ መኪናው ካልተገኘ መዝገቡ ሊዘጋ ነው ተብላለች። አሳየሽ ኮፒውን አወጣችላት። ኢትዮጵያ ከመቀነቷ ፍራንክ ስትፈታ እጇን ያዘቻት።

"ይቅር፣ የዛሬው ይቅር።"

"ለምን? ሁልጊዜ የምከፍለውን?"

"ይቅር ብያለሁ።"

ኢትዮጵያ ፍራንኩን መልሳ ቋጠረች። "ልጅሽን ያቆይልሽ" አለች። "የኔን ያላቆየ፣ ያንቺን ያቆይልሽ።" ኮፒዎቹን አጣጥፋ ወጣች፤ ዋናውን ወረቀት ግን ማሽኑ ውስጥ ረስታዋለች። አሳየሽ ሌላ ጊዜ ቢሆን ክዳኑን ሳታነሳ ደንበኛ አትሸኝም። ያን ቀን ዓይኗ ምንም አላየ።

ወዲያው ያገኘችው ቤዚ ናት። ከቅዳሜ ጀምሮ ከእናቷ ጋር ከቁም ነገር በቀር አታወራም፤ ለአንድ ደንበኛ የመታወቂያ ኮፒ ልታወጣ ክዳኑን ከፈተችና ወረቀቱን አንስታ፣ የማን እንደሆነ ለማወቅ አነበበችው። መሐሉ ላይ፣ ራስ የሌለው አንበሳ የሚለው ጋ ስትደርስ ከንፈሯ መንቀሳቀሱን አቆመ። ከላይ ጀምራ ደገመችው።

"በጥቅምት" አለች። ከዚያ፣ "ይሄን መቼ አነበብሽው?"

አሳየሽ የማሽኑን ክዳን መለሰችው።

"ከመፋቅሽ በፊት ነው?"

"አባትሽን ያመጣልን ሰው ነው፣ ቤዚ። ደግሞ አንቺን ቢያደርግብኝስ? አንድ ናት ያለችኝ ብዬ ነው። ላንቺ ብዬ ነው።"

"ለኔ አትበይ።" ቤዚ ወደ ጓዳ ገብታ ደብተሯን ይዛ ወጣች። ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠች። ጋቢና አለ፤ የጎን ስፖንዳ አለ፤ ከዚያ በኋላ ጠርዙ ተቦጭቆ የቀረ ወረቀት ብቻ ነው። ጣቷን በተቦጨቀው ላይ አሳለፈች።

"ይሄንንም?"

"ቤዚዬ፣ ምን ይዘሽ ትሄጃለሽ? ምንም የለሽም። መኪናዋ አዲስ ሆናለች። ማን ያምንሻል?"

"ማንም አያምነኝ ይሆናል" አለች ቤዚ። "ግን ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ የለካሁ እኔ ነኝ። ራስ አልነበረውም። ይሄን እነግራታለሁ።"

"እሱ ቢሰማስ?"

"ይስማ። አንቺ የፈራሽለት ይበቃዋል።"

የኢትዮጵያን ወረቀት ይዛ ወጣች። አሳየሽ በሩ ድረስ ተከትላት ሄደች፤ እግሯ ከደፍ አላለፈም። ኢትዮጵያ ከመንገዱ ማዶ፣ ነጠላዋን ከፀሐይ ከልላ፣ ወደ ዱቦ የሚወጣውን ሚኒባስ ትጠብቃለች። ቤዚ አስፋልቱን ግራ ቀኝ ሳታይ ስትሻገር አንድ ባጃጅ ጥሩንባ ነፋባት፤ አሳየሽ የበሩን መቃን ጨበጠች።

ቤዚ ደረሰች። ወረቀቱን ሰጠቻት። ከዚያ ማውራት ጀመረች፤ በእጇ የሳንቃውን ርዝመት ታሳያለች፤ እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ። ኢትዮጵያ መጀመሪያ አልገባትም፤ ቆይቶ እጇ ወደ አፏ ሄደ። አንድ ነገር ጠየቀች። ቤዚ አንገቷን አቀርቅራ መለሰችላት።

ኢትዮጵያ ቀና ብላ ወደ ሱቁ ተመለከተች።

አሳየሽ ወደ ውስጥ አፈገፈገች። ማሽኑ አሁንም በርቷል፤ የመታወቂያው ባለቤት፣ "እሜቴ፣ የኔስ?" ይላል። እሷ ግን ከደጅ እንዳትታይ ከባንኮኒው ኋላ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ጉልበቷን ታቅፋ ነበር።