ወገብ መቶ አራት

ዳይሬክተሯ የልብስ ስፌት ቤቱን በር በትከሻዋ ገፍታ ገባች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ ስልኳን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ወርወር አድርጋ «አንብቢው» አለች። «ጮክ ብለሽ! ከእንግዲህ ያልሰማ ማን ቀረና!»

የቤቱ ባለቤት መነጽሯን ከጸጉሯ ላይ አውርዳ አነበበች። «ውድ ደንበኛችን፣ ወገብዎ 104 ሳንቲ ሜትር መድረሱን አውቀናል። አይጨነቁ! የእኛ ማቅጠኛ በሠላሳ ቀን ውስጥ...» ድምጿ እዚያ ላይ ሟሸሸ።

«ስድስት መቶ ተማሪ በአንድ ፊሽካ ቀጥ የማደርግ ሴት ነኝ» አለች ዳይሬክተሯ። «ወገቤን የምናውቀው እኔና እናንተ ብቻ ነን። ባሌ እንኳ አያውቀውም፤ ባለማወቁም ይኸው በሰላም እየኖርን ነው። ከዚህ ቤት ማነው አደባባይ ያወጣኝ?»

በዚያች ሰዓት ከእሷ ሌላ ቤቱ ውስጥ ሦስት ሴቶች ነበሩ። አንዷ ባለቤቲቱ ናት። ሁለተኛዋ ሃያ ሁለት ዓመት አብረዋት የሰፉት፣ የመለኪያው ሜትር ከአንገታቸው ስለማይወርድ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ሜትር የሚላቸው ሴት ናቸው። ሦስተኛዋ የባለቤቲቱ የእህት ልጅ ናት፤ ቤቷ ቁጭ ብላ ብቻዋን የስልክ አፕ የምትሠራ። ምሕንድስና የሚባል ነገር አልተማረችም፤ ግን አክስቷ «የኔ ኢንጂነር» ካለቻት ወዲህ ስሙ ተጣብቆባት ቀርቷል፤ እኛም ኢንጂነሯ እንበላት፣ ምን ቸገረን።

ኢንጂነሯ መጀመሪያ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ቀጥሎ ግን ዓይኗ ሳታዝዘው ወደ እትዬ ሜትር ሄደ። የአክስቷም ዓይን እዚያው ሄዷል። ነገሩ የተጀመረው እዚያው ላይ ነው።

እትዬ ሜትር የያዙትን እጅጌ ጨርሰው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «ከዚያ ከአፑ ይሆናላ» አሉ ረጋ ብለው። «ደብተሩ ላይ እያለ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተን እናውቃለን?»

ይቺ ቃል ኢንጂነሯን አንጀቷን ቅጥል አደረገችው። እንዴት አታደርገው! አፑን «ልኬ» ብላዋለች። ልብስ ሰፊ የደንበኛውን ስም፣ ስልክ፣ ደረት፣ ወገብና ዳሌ ያስገባበታል፤ ቀጠሮ ሲደርስ ራሱ ያስታውሳል፤ ጠርዙ የተበላ ደብተር ማገላበጥ ቀረ ማለት ነው፤ የአክስቷም ቤት ደብተሩን ትቶ ወደ እሱ ዞሯል። ለመሥራት አምስት ወር ፈጀባት። እሱስ ምንም አይደል፤ መከራው ሰው እንዲያውቀው ማድረጉ ነው። የስፌት ቤቶችን በር አንድ በአንድ አንኳኳች፤ ግማሹ ከግብር የመጣች መስሎት ፈራት፣ ግማሹ ገና ሳትናገር «አንፈልግም» አላት። የአክስቷን እጆች ሲሰፉ ቀርጻ ቪዲዮ ለቀቀች፤ ዘመድ አየው። ግድግዳ ላይ የለጠፈችውን ወረቀት ዝናብ አጠበው። በስድስት ወሩ አርባ አንድ ሰው አወረደው፤ ከአርባ አንዱ ዘጠኙ ዘመዶቿ ናቸው፣ ሦስቱ ደግሞ ራሷ ነች፣ በሦስት ስልክ። አምስት ኮከብ ሰጥቶ «ሥራዬን አቀለለልኝ» ብሎ የጻፈው አጎቷም በዕድሜው መርፌ ይዞ አያውቅም።

ያኔ ነው አንድ የማስታወቂያ ሰውዬ የደወለላት። ድምፁ ማር ነው። «በነጻ ነው እህቴ» አላት። «እኛ ያንቺን አፕ ሌሎች አፖች ላይ እናስተዋውቃለን፤ አንቺ ደግሞ የኛን ትንሽ ኮድ አፕሽ ውስጥ ትጨምሪልናለሽ። ማስታወቂያውን ለማን እንደምናሳይ የሚነግረን እሱ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም።» ውሉ አርባ ገጽ ነበር። ኢንጂነሯ በጣቷ እየሳበች እስከ ታች ወረደችና «እስማማለሁ» የሚለውን ነካች። ኮዱንም ሳታነበው ገልብጣ ለጠፈችው። በሁለት ወር ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ሰው አፑን አወረደ! ቁጥሩን ምሳ እየበላች ታያለች፣ ታክሲ ውስጥ ታያለች፣ ሰው እያዋራት ታያለች። ሰው የገዛ ልጁን እንኳ እንዲህ አይጠብቅም።

እንግዲህ ይሄን ነው እትዬ ሜትር በአንድ ቃል ሌባ ያደረጉት።

ዳይሬክተሯ በሩን አጩሃ ሄደች። እትዬ ሜትር ወደ ጓሮ እስኪወጡ ጠብቃ ኢንጂነሯ አክስቷን ጠጋ አለቻት።

«አክስቴ፣ እሳቸው እኮ አፑን ገና ከጅምሩ ጠምደው ይዘውታል። ደብተሬ ይሻለኛል ሲሉ አልነበር?»

«እና?»

«እናማ... እንጃ። ሰው አፑን እንዲፈራው የፈለገ ሰው ምን ያደርጋል?»

«ተይ እንጂ! ሃያ ሁለት ዓመት አብረን በልተናል!» አለች አክስቷ። ግን ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ሜትር ስልካቸውን ባነሱ ቁጥር ጆሮዋ እዚያው ነበር።

ኢንጂነሯ እጅ ከፍንጅ ልትይዛቸው ቆረጠች። አዲስ ሲም ካርድ አወጣች፤ ቁጥሩን ለነፍስ አልሰጠችም። ዓርብ ቤቷ ሆና በራሷ ስልክ «ልኬ» ላይ የሌለች ደንበኛ ፈጠረች፤ ወገቧን መቶ ሠላሳ አንድ አለችው፣ አዲሱን ቁጥር ሰጠቻት። ቅዳሜ ስልኳን ይዛ ሄዳ ለእትዬ ሜትር ብቻ ታሳያቸዋለች። ከዚያ በኋላ በአዲሱ ቁጥር መልእክት ከመጣ አበቃ፣ ወሬ አውጪዋ ታወቀች ማለት ነው። በብልሃቷ ራሷ ተደነቀች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስትደርስ ግን ጉድ ፈልቷል። ሁለት ደንበኞች እንደዚያው ያለ መልእክት ይዘው መጥተው ነበር፤ አንደኛዋ ልታገባ ሳምንት የቀራት ልጅ ናት፣ መልእክቱን ጮክ ብላ ያነበበችው የወደፊት አማቷ ነች። የአክስቷ ፊት ቀልቷል።

«ለማን ነው የምታወሪው? ንገሪኝ!» ትላለች እትዬ ሜትርን።

«ለማንም» አሉ እትዬ ሜትር።

«ሰው እየሸሸኝ ነው እኮ! ከኔና ካንቺ ሌላ እዚህ ቤት ማን ይለካል?»

እትዬ ሜትር ዞር ብለው ኢንጂነሯን አዩዋት። ብዙም አላዩዋትም። ኢንጂነሯ ቆይ አክስቴ፣ ገና አላረጋገጥንም ማለት ትችል ነበር፤ አፏ ላይ ደርሶም ነበር። እሷ ግን አቀርቅራ ቁራጭ ጨርቅ ማጣጠፍ ጀመረች።

«በቃሽ እንግዲህ፣ እጅሽን ከቤቴ አውጪ» አለች አክስቷ።

እትዬ ሜትር መቀሳቸውን በጋዜጣ ጠቀለሉ። ሜትሩን ከአንገታቸው አውልቀው በሩ አጠገብ ያለው ምስማር ላይ ሰቀሉትና ወጡ።

እሑድ እኩለ ቀን ላይ ኢንጂነሯ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ አዲሱ ሲም ያለበት ስልክ ጮኸ። «ውድ ደንበኛችን፣ ወገብዎ 131 ሳንቲ ሜትር መድረሱን አውቀናል...»

ይቺን የፈጠራ ደንበኛ እትዬ ሜትር አላዩዋትም፤ ሳታሳያቸው ነው የተባረሩት። አክስቷም አላየቻትም። በዓለም ላይ የሚያውቋት እሷና አፑ ብቻ ናቸው።

ቢላዋውን ጥላ ላፕቶፗን ከፈተችና ያን የለጠፈችውን ኮድ ለመጀመሪያ ጊዜ መስመር በመስመር አነበበችው። ተደብቆ እንኳ አልነበረም። ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ልክ፤ በየጠዋቱ ይሰበስባል፣ ይልካል። የሁለት ሺህ ስድስት መቶ ልብስ ሰፊ ደንበኛ ሁሉ! የማስታወቂያው ሰውዬ ጋ ደወለች።

«እህቴ፣ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ አለ እኮ» አላት በዚያው በማር ድምፁ። «ተስማምተሻል።»

ኮዱን ነቅላ ጣለች፣ የታረመውን አፕ ለቀቀች፣ ከዚያ ቁጭ አለች። መልእክቱ ቀስ በቀስ ይቆማል። እትዬ ሜትር ሄዱ፣ መልእክቱም ቆመ፤ ሰው ሁሉ ሁለቱን ያያይዛቸዋል። እሷ አንዲት ቃል መተንፈስ አያስፈልጋትም፤ አፑ ይተርፋል፣ ስሟም ይተርፋል። ይሄን በማሰቧ አፈረች። አፍራም ግን ከሰዓቱን ሙሉ አሰበችው።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ሜትር ቤት ሄደች። አንዲት ክፍል ናት፤ መስኮቱ ሥር ባለች አሮጌ ማሽን የጎረቤት ልጅ ሱሪ እያሳጠሩ ነበር። «ግቢ» አሉ ቀና ሳይሉ።

በቆመችበት ሁሉንም ዘረገፈችው። ውሉን፣ ኮዱን፣ ሲም ካርዱን፣ በአክስቷ ጆሮ ያንሾካሾከችውን፣ አንዱን ሳታስቀር። ማሽኑ ቆመ።

«ወጥመድ አጠመድሽብኝ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ወሬ ታመላልሳለች ብለሽ?»

እትዬ ሜትር መነጽራቸውን አውልቀው ሱሪው ላይ አስቀመጡት።

«የምርቃት ቀሚስሽን የሰፋሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ሦስቴ ለካሁሽ። መጀመሪያ ወገብሽ ስልሳ ስምንት ነበር። ሁለተኛ ስትመጪ ሰባ አራት፣ ደረትሽም ጨምሯል። አርግዘሽ ነበር። አንቺ አልነገርሽኝም፤ ሜትሩ ነው የነገረኝ። ሦስተኛ ስትመጪ ተመልሶ ስልሳ ሰባት፣ ፊትሽ አመድ መስሎ። ጽንሱ እንደሌለ ገባኝ። ያሰፋሁትን ፈትቼ መልሼ አጠበብኩት። አክስትሽ ‹ይሄ ቀሚስ ስንቴ ነው የሚፈታው?› ብላ ስትጮህብኝ፣ ልኩን ስቼ ነው አልኳት።»

ኢንጂነሯ ግድግዳውን ተደገፈች። ስድስት ዓመት ሙሉ ለእናቷ፣ ለአክስቷ፣ ለማንም ያልተነፈሰችው ነገር ነው። ብቻዬን የተሸከምኩት ነው ብላ ነበር የኖረችው። እንባዋ ወረደ፤ ልትጠርገውም አልሞከረችም።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«እሱን ቆይተን እናየዋለን» አሉ። አልተቆጡም፣ ግን አልተለሳለሱም። «ሜትሬ እዚያ ምስማሩ ላይ ቀርቷል። አምጪልኝ።»

ስፌት ቤቱ ስትደርስ ዳይሬክተሯ ተመልሳ መጥታለች፤ አክስቷ እየለማመጠቻት ነው። «አባርሬያታለሁ» ትላለች። «ይኸው ዛሬ አንድም መልእክት አልመጣም። ከእሷ ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል?»

ኢንጂነሯ ሜትሩን ከምስማሩ አወረደችው።

«ምን ልታደርጊበት ነው፣ የኔ ኢንጂነር?»

«ለባለቤቱ ልመልሰው።» ስልኳን አውጥታ ለዳይሬክተሯ ሰጠቻት። አፑ ላላቸው ሰዎች ሁሉ የሚላክ ማስታወቂያ መንገድ ላይ ጽፋ ነበር። «ጮክ ብለው ያንብቡት፣ እባክዎ።»

ዳይሬክተሯ አነበበች። «የደንበኞቻችሁን ስልክና ልክ ለሌላ ያሳለፈው ይህ አፕ ነው። ጥፋቱ የእኔ፣ የሠሪዋ ነው። ሠራተኞቻችሁን አትጠርጥሩ...»

አክስቷ ወንበሩን በእጇ ዳበሰችና ተቀመጠች። «አንቺ?»

«እኔ ነኝ፣ አክስቴ። እሳቸውን እንድትጠረጥሪ ያደረግሁሽም እኔ ነኝ።» ስልኩን ተቀብላ «ላክ» የሚለውን ነካችና ሜትሩን ጠቅልላ ይዛ ወጣች።

ገና መንገዱን ሳትሻገር ስልኳ ኪሷ ውስጥ መጮህ ጀመረ፤ ሰዎች ናቸው፣ እየተሳደቡ አፑን የሚያጠፉ። ስንት እንደቀሩ ከፍታ አላየችም። ከኋላዋ በሩ ሲበረገድ ሰማች፤ ዞር ስትል አክስቷ ሱቁን እንደተከፈተ ትታ፣ ዳይሬክተሯን እዚያው ገትራ፣ እየሮጠች ትመጣለች።

«ቆይኝ!» ትላለች እያለከለከች። «ያባረርኳት እኔ ነኝ፤ ሜትሩን እኔ ነኝ የምሰጣት!»