እናቴ ፈታይ ናት

ተሾመች ቦንጋ ገበያ ውስጥ ሰልባጅ ትሸጣለች። ከባሕር ማዶ በቦንዳ ታስሮ የመጣውን ልባሽ ልብስ ፈትታ ሸራ ላይ ትዘረግፋለች፤ ኮቱን ከኮት፣ የሕፃኑን ከሕፃን ትለያለች፤ ከዚያ እስኪመሽ ገዢ ስትጣራ ትውላለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን ዝማሬን ያሳደገችው በዚሁ ነው።

ዝማሬ ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት መልስ እናቷ ጀርባ ትቀመጥና የማይሸጠውን፣ የተቀደደውን ኮት እየመረጠች ስፌቱን ትተረትር ነበር። ኮሌታ እንዴት ቀጥ ብሎ እንደሚቆም፣ እጅጌ ከትከሻ ጋር እንዴት እንደሚገጥም ያየችው እዚያ ነው። ፈትታ መልሳ ትሰፋዋለች። ልብስ መሥራት የምትወደውን ያህል ግን ልብሱ የሚመጣበትን ቦንዳ ትጠላው ነበር። ያ የታመቀ የኬሚካል ሽታ ሰውነቷ ላይ ይቀራል። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት አንዲት የክፍሏ ልጅ ሹራቧን አሽትታ አፍንጫዋን ስትይዝ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ስሟ "የሰልባጇ ልጅ" ሆኖ ቀረ።

አድጋ አዲስ አበባ ሄደችና የልብስ ቅድና ስፌት ተማረች። መጀመሪያ የሰው ቡቲክ ውስጥ ተቀጠረች፤ እሷ የሠራችው ቀሚስ የሌላ ሰው ስም ተለጥፎበት ሲሸጥ እያየች ዝም ትል ነበር። ቆይታ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ፣ በእግር የሚረገጥ አሮጌ የስፌት መኪና ገዝታ የራሷን ሥራ ጀመረች። የመጀመሪያዋ ሙሽራ ቀሚሱን በሠርጓ ዋዜማ "ይሄን አለብስም" ብላ ወረወረችባት። ሁለተኛዋ ግን እያለቀሰች አቀፈቻት። እንዲህ እንዲህ እያለች፣ ስትወድቅ ስትነሣ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ በተዘጋጀ የፋሽን ትርዒት ላይ ሥራዋን ለማሳየት በቃች። ያ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ኮሌታዋ ሰው ዐይን ውስጥ ገባ። የቴሌቪዥን ግብዣም ተከተለ።

የፕሮግራሙ አዘጋጅ ደምመላሽ የሚባል ለስላሳ ሰው ነው። አብራት የተጋበዘችው ዲዛይነር ስለ ሸማኔ አባቷ ስታወራ ዐይኑ ሲበራ ዝማሬ አየች። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

"አንቺስ? ይሄ የጨርቅ ፍቅር ከየት መጣ?"

"ከእናቴ" አለች። እስከዚህ ድረስ እውነት ነበር። ቀጥሎ የሚመጣውን ስታስብ ግን ያ ሽታ አፍንጫዋ ውስጥ ገባ። "እናቴ ፈታይ ናት። ቦንጋ፣ ቤታችን ደጅ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ልብሶቼ የሚሠሩት እሷ በፈተለችው ክር ነው።"

ዝማሬ ክሩን የምትገዛው ግን ከሽሮ ሜዳ ገበያ ነበር።

ውሸቷ ግን ተወደደላት። ቪዲዮው ከስልክ ስልክ ዞረ፤ ትእዛዝ ጎረፈ፤ ረዳት ሰፊ ቀጠረች። ትንሽ ቆይቶ ደምመላሽ ደወለላት። ናይሮቢ ለሚደረግ የፋሽን ዐውደ ርዕይ የሚሄድ ሰው እየተመረጠ እንደሆነ፣ ስለ እሷና ስለ እናቷ አጭር ፊልም ቢሠራ ቦታውን እንደማታጣው ነገራት። "እናትሽን እዚያው ደጃቸው ላይ፣ እየፈተሉ ነው የምንቀርጻቸው" አላት። ዝማሬ "እናቴ አሟታል" ለማለት አፏን ከፈተች። የወጣው ግን "እሺ" ነው።

ለእናቷ ለመደወል ቀናት ፈጀባት።

"እማዬ፣ ቴሌቪዥን ላይ የተናገርኩትን ሰምተሻል?"

"አይቼዋለሁ። ጃፈር በስልኩ አሳይቶኛል።" ጃፈር ከተሾመች ጎን ጫማ የሚሸጥ የገበያ ጎረቤቷ ነው። "አምሮብሻል። ትንሽ ከስተሻል እንጂ።"

ተሾመች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ያቺ ጥጥ ትፈትላለች ያልሽው" አለች ተሾመች፣ "እኔን ነው?"

ዝማሬ ሰዎች ሊቀርጿት እንደሚመጡ ብቻ እየተንተባተበች ነገረቻት። እናቷ ትቆጣለች ብላ ጠበቀች፤ ብትቆጣላት በወደደች ነበር።

"እንግዲህ ከጎረቤታችን ከአልጋነሽ እማራለሁ" አለች ተሾመች። "ይህን ያህል ምን ይከብዳል? እሷም ከሰው ነው የተማረችው።"

ዝማሬ ከቀረጻው ሰዎች ጋር ቦንጋ ስትደርስ ዝናቡ ገና አባርቶ ነበር። የእናቷ ቤት ባዶ ሆኖ ጠበቃት። እስከ ጣሪያ ይቆለል የነበረው ልብስ የለም፤ ቦንዳዎቹ ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ተወስደው በላስቲክ ተሸፍነዋል። ተሾመች ለገበያው ሰው ወገቤን አመመኝ ብላ ቦታዋን ዘግታ ነበር የሰነበተችው። አዲስ ነጠላ ለብሳለች። የቀኝ እጇ ጣቶች እንዝርት ሲያሾሩ ተልጠዋል። ጎረቤታቸው አልጋነሽ ባዘቶውን አዘጋጅታ ሰጥታ፣ ካሜራው ሲወጣ ወደ ቤቷ ገባች፤ ዝማሬን ቀና ብላ አላየቻትም።

ቀረጻው ተጀመረ። ተሾመች ደጃፉ ላይ ተቀምጣ እንዝርቱን አሾረች። ክሩ ትንሽ ሄደና ተበጠሰ። ቀጠለችው። አሁንም ተበጠሰ።

"ዘና ይበሉ እትዬ ተሾመች" አላት ደምመላሽ። "እኛ እንደሌለን ይቁጠሩት። መፍተል ከጀመሩ ስንት ዓመት ሆነዎት?"

ተሾመች ልጇን አየቻት። ምን እንደምትል አልተነጋገሩም ነበር።

"ልጄ ታውቃለች" አለች።

ደምመላሽ ሳቀ፤ መልሱን ወዶታል። ይሄኔ አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት የአጥሩን በር ገፋ አድርጋ ገባች። ከዋጫ በኩል የምትመጣ የረጅም ጊዜ ደንበኛ ናት። ገበያ ብታጣት ቤቷ ድረስ መጥታ ነው። ካሜራውን ስታይ ደንገጥ አለች፤ ቢሆንም እየሳቀች በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ተናገረች። ለልጁ አስቀምጪልኝ ያልኩሽ ጃኬት አለ ወይ፣ ብርዱ ከበደ ነው የምትለው።

ተሾመች የመለሰችላት በአማርኛ ነው። ከዚህች ሴት ጋር በአማርኛ አውርታ አታውቅም።

"ተሳስተሻል እህቴ" አለች። "እኔ ልብስ አልሸጥም። አላውቅሽም።"

የሴትዮዋ ሳቅ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። ተሾመችን አየች፤ ነጠላዋን አየች፤ እንዝርቱን አየች። ከዚያ የልጁን እግር በአንቀልባው አስተካክላ ወጣች።

"ምን ፈልጋ ነው?" ደምመላሽ ዝማሬን ጠየቃት።

"ቤት ተሳስታ ነው" አለች ዝማሬ።

ይህን ስትናገር እናቷ ሰምታለች። ተሾመች አጎንብሳ የተበጠሰውን ክር ፈልጋ ልትቀጥል ሞከረች። ጫፍና ጫፉ አልገጥም አላት። ምራቋን እንትፍ ብላ ጣቷን አርሳ እንደገና ሞከረች። ዝማሬ እናቷ በሕይወቷ አንድም ደንበኛ ስትዋሽ አይታ አታውቅም፤ የኮቱን ቀዳዳ ራሷ እያሳየች ነው የምትሸጠው። አሁን ግን ደጇ ድረስ የመጣችን ደንበኛ ክዳለች፤ ያስካደቻት እሷ ናት። ፊቷን እሳት በላው። ወደ ውስጥ ሮጣ መደበቅ ፈለገች።

"በቃ" አለች። "ካሜራውን አጥፉት። እናቴ ፈታይ አይደለችም።"

ደምመላሽ ሁሉንም ሰማ፤ ቦንዳውን፣ ሽሮ ሜዳን፣ የተላጠውን ጣት። አልጮኸባትም። "ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ" ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ካሜራ ያዡ መሬት መሬት እያየ ገመዱን ጠቀለለ። ሲወጡ ደምመላሽ ተሾመችን ዝቅ ብሎ ይቅርታ ጠየቃት፤ ዝማሬን ግን አልተሰናበታትም።

"ለምን አቋረጥሽኝ?" አለች ተሾመች መኪናው እንደሄደ። "ሊሆንልኝ ነበር እኮ። አንቺ እንድታልፊ ብዬ ነው ያቺን ሴት…" ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ዝማሬ ጓሮ ገብታ ላስቲኩን ገለጠች። ጃኬቱ ለብቻው በፌስታል ተቋጥሮ ተቀምጦ ነበር። ይዛው ወደ መናኸሪያ ሮጠች። ሴትዮዋን ሚኒባስ ልትገባ ስትል ደረሰችባት።

"እናትሽ ምን ሆና ነው?" አለቻት ሴትዮዋ በካፊኖኖ። "ታማ ነው? አእምሮዋን ነው?"

"ደህና ናት" አለች ዝማሬ። "በእኔ ምክንያት ነው። እሷ ሰልባጅ ሻጭ መሆኗን ሰው እንዳያውቅብኝ ብዬ ነው።"

ሴትዮዋ ጃኬቱን ተቀበለች። ብትሰድባት ይቀል ነበር። ቀስ ብላ የዝማሬን ልብስ፣ ያን የታወቀውን ኮሌታ አየችና "እኔስ? እኔ ከእሷ ገዝቼ የምለብሰውስ?" አለቻት። መኪናው ውስጥ ገባች።

ናይሮቢ ሌላ ሰው ሄደ። ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ከደንበኞቿ ገሚሶቹ ሸሹ፤ ረዳቷንም አሰናበተች። ዝማሬ ስልኳ ፊት ተቀምጣ እውነቱን ተናግራ ቪዲዮውን ለቀቀች፤ ከስድቡ መዐት ውስጥ ጥቂት ሰው "ጎበዝ" አላት፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አሳፈራት። ከቀሩት ደንበኞች ጋር ከታች ጀመረች። ዛሬ ሥራዋ ቆሟል ማለት አይቻልም። ማን አስተማረሽ ሲሏት የእናቷን ሥራ በስሙ ትጠራዋለች፤ ተናግራ ስትጨርስ ግን ሳታውቀው እጅጌዋን ታሸታለች።

ለመስቀል አገሯ ገባች። ገበያ ውስጥ ተሾመችን አንዳንዱ "ፈታይዋ!" እያለ እንደሚቀልድባት ከጃፈር ሰማች። እናቷ አንድም ቀን በስልክ አልነገረቻትም። በገበያው ቀን ዝማሬ ሳትጠራ ሸራው ላይ ከእናቷ ጎን ተቀመጠችና ሱሪ ማጠፍ ጀመረች። አላፊው ሁሉ የሚያያት መሰላት፤ ምናልባትም ያያት ነበር።

አንዲት ገዢ ቀሚስ እያገላበጠች ሁለቱን አስተያየቻቸው።

"ልጅሽ ናት?"

ተሾመች አልመለሰችም። እጇ ቀሚሱ ላይ እንዳለ ቆመ። ዝማሬ እናቷ ምን እየጠበቀች እንደሆነ ወዲያው ገባት፤ አዎ ልበል ወይ ብላ ፈቃድ እየጠበቀች ነው።

"አዎ፣ ልጇ ነኝ" አለች ዝማሬ፤ ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

ተሾመች ቀና አላለችም። አዲሱን ቦንዳ ወደ መሀል ጎተተችና አንዱን ጫፍ ወደ ልጇ ገፋችላት።

"ያዢ" አለቻት፣ "በዚያ በኩል ፍቺው።"